«ማን ሞቶብህ ነው?»

ዛሬ ስለ ራሽን ቅነሳም፣ ስለ ፕሮሰስም፣ ስለ ማንም ቢሮ አልጽፍም። ስለ ጸጉሬ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ፎቶዬን አይታችሁ «መምህር፣ ምን ነካህ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ይረዝማል። ቡና ላይ ያላችሁ እየጠጣችሁ አንብቡ፤ ወረፋ ላይ ያላችሁም አትቸኩሉ፣ ወረፋው የትም አይሄድም።

ከእናቴ ልጀምር።

ጸጉሬን መቆረጥ ካቆምኩ በስድስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በቪዲዮ ደወልኩላት። የካኩማ ኔትዎርክ እንደ ልማዱ ይሄዳል ይቆማል። ፊቴ ሲገለጥላት ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ እማዬ፣ ይሰማል?» አልኩ። ይሰማል። እያየችኝ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን ሞቶብህ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም እማዬ።»

«አትደብቀኝ። እኔ እንደሆን ብዙ ችያለሁ። እዚያ ካሉት ነው ወይስ ከዚህ ሰው ሞቶ ላንተ ብቻ ነገሩህ?»

እኛ አገር ወንድ ልጅ ሐዘን ሲቀመጥ ጸጉሩንና ጺሙን እንደሚተወው ታውቃላችሁ። አርባው እስኪወጣ ምላጭ የማያስነካ አለ። እናቴ ያየችው ሐዘንተኛ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ቤተሰቡ በየአገሩ የተበተነ ሰው መርዶ መደባበቅ ለምዷል። ስልክ ላይ ፊቱ ትንሽ የተለየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የሰማ ይመስላል።

አባቴ ያረፈው ከዚያ ጥሪ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኔ የሰማሁት በ11ኛው ቀን ነበር። እህቶቼ «ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል» ሲባባሉ ቆይተው በመጨረሻ ለኮሚኒቲው ሽማግሌዎች ደወሉ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ሁለት ቀን ሰው መጣልኝ፣ ሰኞ ክፍል ገባሁ። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤታችንን የሚጎበኙ እንግዶች ስለነበሩ ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ ነበር። እናቴ ያኔ ፎቶዬን አይታ «ጎሽ፣ በርትተሃል» አለችኝ።

ስለዚህ «ማን ሞቶብህ ነው» ስትለኝ ቶሎ መልስ አላገኘሁም። «ፋሽን ነው እማዬ» አልኳት።

«በ36 ዓመትህ?» ብላ ስልኩን ለእህቴ አቀበለቻት።

ፋሽን አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጀግንነትም አይደለም። አንዳንዶቻችሁ «መምህር ለትግል ነው ያሳደገው» ስትሉ ሰምቼ አፍሬአለሁ። የተጀመረው በመቀስ ነው።

እዚህ ካምፕ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ ባዮሎጂ። ስደተኛ መምህር ደሞዝ አይከፈለውም፣ ኢንሴንቲቭ ይሰጠዋል፤ ውሉም በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ይህን የምላችሁ ለማስተዛዘን ሳይሆን፣ «እምቢ» ማለት ለኛ ስንት እንደሚያወጣ እንድታስታውሱ ነው። ከሥራዎቻችን አንዱ ተረኝነት ነው። ተረኛ መምህር በሳምንቱ በር ላይ ይቆማል፦ ያረፈደ፣ ሸሚዙን ያላስገባ፣ ጸጉሩ የረዘመ። ጸጉሩ ለረዘመ ወንድ ቅጣቱ የታወቀ ነው። መሐል አናቱ ላይ በመቀስ አንድ መስመር ታወጣለታለህ። ያን ይዞ መዋል ስለማይችል ሄዶ ይላጫል።

አምና በመጀመሪያው ቴርም ተረኛ ነበርኩ። አንድ የፎርም ቱ ተማሪ መጣ፣ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ። ጸጉሩ ሦስት ጣት ያህል ሆኗል። ከኔ ይረዝማል። መቀሱን ሳነሳ ምንም ሳልለው፣ እንድደርስበት ጎንበስ አለልኝ።

ቆረጥኩት። ቀና ሲል መዳፉን አናቱ ላይ አድርጎ መስመሩን ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሰው፣ ከዚያ ሄደ።

ያንን መዳፍ አውቀዋለሁ። ከ9 ዓመት በፊት አገር ቤት በታሰርኩ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ በረድፍ አስቀምጠው ጸጉራችንን አነሱን። ቆራጩ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ ደክሞታል፣ ሥራው ነው። «ጎንበስ በል» አለኝ፣ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ የከፋ ነገር ደርሶብኛል። ግን ሌሊት ስነቃ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዱላው አይደለም። እጄ አናቴ ላይ ሆኖ፣ እዚያ የነበረውን ነገር ሲፈልግ ነው። ያን ያህል የማውቀውን ነገር ነው ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ለ17 ዓመት ልጅ ያደረግኩት።

ልጁ ዘጠኝ ቀን ከትምህርት ቀረ። የት ነህ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ፈራሁ። እኔም ጸጉር አስተካካይ ቤት መሄድ ተውኩ። እንዲህ ብዬ ወስኜ አይደለም፤ በየሁለት ሳምንቱ እሄድ የነበረውን አንድ ሳምንት ዘለልኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ኋላ ላይ ነው ሐሳቡ የገባኝ፦ ጸጉሩ የረዘመ መምህር መቀስ ይዞ በር ላይ ሊቆም አይችልም። አፌን ከፍቼ እምቢ ከምል ጸጉሬ እምቢ እንዲልልኝ ነው የፈለግኩት።

አሁን ስለ ጸጉሩ ራሱ ላውራ፣ ከናንተ መሃል የጀመራችሁና የተቸገራችሁ ልጆች ስላላችሁ።

የኔ ጸጉር ከርዳዳ ነው። ሉጫም ዞማም አይደለም። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ የከርዳዳ ግን አይታይም፤ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ይጠቀለላል። በስድስተኛው ወር አንዷን ዘለላ ስስባት ቅንድቤ ጋ ትደርሳለች፣ ስለቃት ተመልሳ አናቴ ላይ ጉብ ትላለች። ስለዚህ ጸጉርህ ያደገ የሚመስልህ አንተ ስትስበው ብቻ ነው፤ ለሰው ያው ነህ፣ ያውም ተንጨብርረህ። ከሦስተኛው ወር እስከ ስምንተኛው ያለው ጊዜ ነው ሰውን ወደ ቶንዶስ የሚመልሰው። ጎንና ጎኑ ወደ ውጪ ይነፋል፣ አናቱ ገና ነው፣ ከጆሮ በላይ ሁለት ክንፍ ያወጣህ ትመስላለህ። ተማሪዎቼ «ምዋሊሙ ኡዮጋ» ይሉኝ ነበር። ኡዮጋ በስዋሂሊ እንጉዳይ ነው። ሰሌዳ ላይ ስለ ፈንገስ ስጽፍ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ነው የገባኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን የሚያምኑት ጸጉር አስተካካይ ይፈልጋል። በየአምስት ስድስት ሳምንቱ ከማጅራትና ከጆሮ ዙሪያ ብቻ ይስተካከላል፤ አናቱ አይነካም። በሐበሻ ሰፈር በሶላር የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። «አናቱን አይንኩብኝ ጋሼ» ስላቸው «ልጄ፣ አናቱን ካልነካሁ ምኑን ቆረጥኩት ልበል?» ብለው ገንዘብ አልቀበልም አሉኝ። በስንት ልመና ግማሹን ተቀበሉ።

ሌላው ድርቀት ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት በሉጫ ጸጉር ላይ እየተንሸራተተ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ ከርዳዳው ላይ ግን ጥቅልሉ ውስጥ ይቀራል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ ይሰበራል። በዚያ ላይ የቱርካና ነፋስና አቧራ አለ። ውኃ በጄሪካን ለሚቀዳ ሰው ጸጉር መታጠብ ራሱ በጀት ነው፤ እኔ በሳምንት አንዴ ነው፣ በልብስ ሳሙና ደግሞ በፍጹም። ደረቅ ጸጉር አታበጥሩ። እርጥብ እንዳለ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፣ ከጫፍ ተነስቶ ወደ ሥር። ቅቤ ሞከርኩ፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ቀልጦ አንገቴ ላይ ሲወርድና ዝንብ ሲከተለኝ ተውኩት። ያዳነኝ ሉሉ ነው። ደቡብ ሱዳኖች ከዛፍ ፍሬ የሚያወጡት ቅባት ነው፤ አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ ከሚስቱ ለምኖ በጠርሙስ ክዳን አምጥቶልኝ ለመድኩት። ሌሊት በሻሽ አስሬ እተኛለሁ። ጎረቤቶቼ ጠዋት በሻሽ ውኃ ልቀዳ ስወጣ አይተውኝ ምን እንዳሉ እዚህ አይጻፍም።

«የወንድ ጸጉር ማሳደግ ባህላችን አይደለም» ያላችሁኝ ትልልቆቼ፣ በአክብሮት፣ ባህላችን ነው። አጼ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባ የሳለ ሰዓሊ አሳዩኝ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያንን በዱር በገደሉ የተዋጉት አርበኞች ፎቶ ላይ የምናየው ጎፈሬ ከየት መጣ? የከረዩን ጎረምሳ፣ የአፋርን ጎበዝ ሂዳችሁ ባህልህ አይደለም በሉት እስቲ፣ እሱ ይመልስላችኋል።

የራሴም ማስረጃ አለኝ። አባቴ በ1966 ዓ.ም. መምህራን ማሰልጠኛ እያለ የተነሳው ፎቶ ነው። ቤልቦተም ሱሪ፣ ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ የተከፈተ፣ ጎፈሬው ከፎቶው ጠርዝ ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ልጅ ሆኜ «ለምን ቆረጥከው?» ብዬው ነበር። «ዘመኑ ከፋ፣ ቆረጥኩት» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠረጥርበት ዘመን እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን አጭር ጸጉር ነበረው። እኔ የማውቀው ያንን ነው።

በነገራችን ላይ መታወቂያ ያላችሁ አንድ ነገር ልምከራችሁ። በዘጠነኛው ወር የጉዞ ፈቃድ አውጥቼ ስሄድ አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ መታወቂያዬን ተቀበለ፣ አየኝ፣ መታወቂያውን አየ። ፎቶው ላይ ጸጉሬ ጭርር ያለ ነው፣ ከአገር በወጣሁ ሰሞን የተነሳሁት። «ሁዩ ሲ ዌዌ» አለኝ፤ ይሄ አንተ አይደለህም። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። አራት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ ጸጉሬን በሁለት እጄ ወደ ኋላ ጨፍልቄ ፊቴን እያሳየሁ ነው የተለቀቅኩት። በመጨረሻ ሳቀና ለቀቀኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ላይስቅ ይችል ነበር። ጸጉር ካሳደጋችሁ፣ የቅርብ ፎቶ ያለበት ሌላ ወረቀት ያዙ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። በአራተኛው ወር ምክትሉ ጠርተው አናገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ተማሪዎቹን ምን ልንላቸው ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። በሳምንቱ የተረኞች ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ የለም። ያሰብኩት ሰመረልኝ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት በበሩ ሳልፍ ግን መቀሱ ሌላ መምህር እጅ ላይ ነው፣ ሦስት ልጆች ተሰልፈዋል። እኔ ሉሉ ተቀብቼ ገባሁ፣ እነሱ ተቆረጡ። ያን ቀን ጸጉሬን እንደ ዛሬ ሆኖ አስጠልቶኝ አያውቅም ልል ነበር፤ ጸጉሬን አልነበረም የጠላሁት።

በሦስተኛው ቴርም ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ያልኩት አጭር ነበር። ደንቡ ያለ ምክንያት እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ ውኃ በሌለበት በአንድ ክፍል 94 ልጅ ሲቀመጥ ቅማልም ቆረቆርም ቀልድ አይደሉም። ግን ቆረቆር ፈንገስ ነው፣ ከራስ ወደ ራስ የሚሄደው በማበጠሪያና በመቀስም ጭምር ነው፣ እኛ ደግሞ አንዱን መቀስ ሳናጸዳ ሃያ ራስ ላይ እናዞረዋለን። ይህን ካልኩ በኋላ ልቀመጥ ነበር፣ እንደ ባዮሎጂ መምህር ተናግሬ። አልተቀመጥኩም። «እኔ ታስሬ ተቆርጫለሁ፣ እኔም በዚህ በር ላይ ልጅ ቆርጫለሁ፣ ከእንግዲህ አልቆርጥም» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ኬንያዊው የታሪክ መምህር ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ አንዲት የራስተፈሪያን እምነት ተከታይ ተማሪ በድሬድ ጸጉሯ ምክንያት ከትምህርት ቤት መባረሯ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ መወሰኑን ተናገረ። ምክትሉ «ያ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ የኛ ልጆች የሚያሳድጉት ለማማር ነው» አሉ፤ በሕግ በኩል ትክክል ናቸው። ታሪክ መምህሩ ግን «ዴዳን ኪማቲ በዛሬው ጸጉሩ ቢመጣ በዚህ በር አይገባም ነበር፤ ናይሮቢ መሃል ሐውልት አቁመንለት ሳለ» ሲል ቤቱ ሳቀ፣ ሳቁም ረዳን። የተስማማነው ይህን ነው፦ መቀስ በር ላይ አይያዝም፤ ጸጉሩ የረዘመ እስከ ዓርብ ቀን ይሰጠዋል። የጸጉር ርዝመት ደንቡ አልተነካም። የኔ ጸጉር «በግል እንነጋገርበታለን» ተባለ፣ እስካሁን አልተነጋገርንበትም። ውሌ የሚታደስበት ወር እየቀረበ ነው፣ ሲደርስ ትሰማላችሁ።

ልጁን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ከዚያ በኋላ እንኳ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሁን ፎርም ስሪ ነው። ከክፍል ሲወጣ ጠርቼ «ባለፈው ዓመት በር ላይ ጸጉርህን ቆርጬህ ዘጠኝ ቀን ቀረህ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «የቀረሁት እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ነው ምዋሊሙ» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ለማስተካከል ግን 50 ሽልንግ አልነበረኝም። ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኙንም ቀን በኮፍያ ነው የዋልኩት። እናቴ አውልቀው ስትለኝ ብርድ ነው እላት ነበር» አለ። በካኩማ ብርድ!

«50 ሽልንጉን ልስጥህ?» አልኩት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«አሁን 70 ሆኗል» አለ፣ ሳቀ። መቶ ሰጠሁት። መልሱን አልሰጠኝም።

ባለፈው እሑድ ለእማዬ ደወልኩላት። 13 ወር ሞልቶታል፣ ክንፎቹ ጠፍተዋል፣ አናቱም ክብ ሠርቷል። ስለ መቀሱና ስለ ልጁ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ እስር ቤቱም፣ ያን ከዚህ በፊት ነግሬያት አላውቅም። ብዙ ቆየች። እንደዚያን ቀን መስመሩ የተቋረጠ አልመሰለኝም። «አባትህን መሰልክ» አለችና ወዲያው ደግሞ «ደርቋል ግን፣ ቅቤ የለም እዚያ አገር?» አለች። ስለ ዝንቡ ነገርኳት፣ አልሰማችም።

«እስቲ ጎንበስ በልልኝ» አለች። «ቅማል እንዳይኖር።»

ስልኩን ወደ አናቴ አዞርኩላት።